ከመድረክ የወረደው ነዶ

ውድ ወንድሜ ኦስታፕ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «ነዶውን ከቤት አውጪው። የትምህርት ቤት ኃላፊ እኅት የሙታን ነዶ አቆመች ከተባለ ከሥራዬ እባረራለሁ። ካላወጣሽ እኅት የለኝም» ትላለህ። ወሬው ተጣሞ ሳይደርስህ አይቀርምና ከእኔው ስማው።

በመስከረም የኅብረት እርሻችን ሊቀ መንበር ሃላይኮ ለመኸር በዓል መድረክ ነዶ ሥሪ አለኝ። «የመንግሥት አርማው ላይ እንዳለው፣ ግን ያማረ» ብሎ አዘዘኝ። እጄ የሚያውቀው እናታችን ያስተማረችንን ብቻ ነው። የስንዴውን ዛላ ሰባት ሰባት አድርጌ አሰርኩ፣ በሦስት እግር አቆምኩት። ተንኮል አልነበረኝም። ዲዱህ መሥራቴን፣ በገና የአያቶቻችን ነፍስ የሚያርፍበትን ነዶ መሥራቴን ያየሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሊቀ መንበሩ ከቀዩ ባንዲራ ሥር አቁሞ አስጨበጨበለት። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ሲያጨበጭቡ፣ ከኋላ ያሉት አሮጊቶች እየተነሱ ጎንበስ አሉለት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወጣሁ።

በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነዶውን ታቅፌ ከአዳራሹ ስወጣ ሃላይኮ በር ላይ ያዘኝ።

«ወዴት ነው ያሪና? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው።»

«እዚህ አይጥ እየበላው ነው ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ለገና ነው አይደል?»

«ለገና ነው።»

«ምን አለ ብትዋሺኝ?»

«እርስዎ በአገር ፊት ሲያስጨበጭቡለት አላፈሩም። እኔ ቤቴ ባቆመው ምን ያሳፍረኛል?»

«ቀና አድርገሽ ያዥው፣ ዛላው በረዶ እንዳይነካው» አለና አሳለፈኝ። በማግስቱ ግን ስሜን ለወረዳ አስተላለፈ፤ እሱም ልጆች አሉት። ከላም አላቢነት አንስተው ፍግ ዛቂ አድርገውኛል። ፍጉ ይታጠባል፣ አልከፋኝም። የከፋኝ ያንተ ደብዳቤ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ እንዲህ ብሎ ይጽፍልኛል ብዬ አላሰብኩም። አንብቤ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነው።

ነዶው እስከ ጥምቀት ከቅዱሳኑ ሥዕል ሥር ይቆማል። ማንሳት የፈለገ ራሱ መጥቶ ያንሳው፣ በሩ ክፍት ነው።

በዋዜማው ማዕድ ለሙታን ሳህን ማስቀመጣችንን አልረሳህም መቼም። ለአባታችን አስቀመጥኩ፣ ለእናታችን አስቀመጥኩ። ላንተም ቅቅል ስንዴ በማር አቀረብኩልህ፣ ከእኔ አጠገብ፣ ከሕያዋኑ ጋር። እኅት የለኝም በሚለው ከጸናህ፣ ለሚመጣው ገና ሳህንህን ወደ እነ አባታችን ጎን አዛውረዋለሁ።

ያሳደገችህ፣
ያሪና