የአርባ አንደኛዋ ሳጥን

ኅዳር 4
ዛሬም ሥራዬ አዋጅ ማስነገር! የልብስ ፋብሪካው እሳት ቢነሳበት ሠራተኛው በስንት ደቂቃ ይወጣል? እሱን በኮምፒውተር እናስመስላለን። ስክሪኑ ላይ ሁለት መቶ ነጥብ፣ አንዱ ነጥብ አንድ ሰው። የየሰዉ መረጃ በሳጥን በሳጥን ይቀመጣል፤ ሳጥኑ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ ዓይነቱን የማውጀው እኔ። ዕድሜ፦ ሙሉ ቁጥር። ወጥቷል፦ አዎ ወይም አይ። ከአሥረኛ ክፍል ላቋረጠ አይከፋም…

41ኛዋን ነጥብ ታላቅ እህቴን፣ እትዬን አደረግኳት። እዚያው አራተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ ናት። ፍጥነቷ የኤሊ። የእሷን «ወጥቷል» ግን ጽሑፍ ብዬ አወጅኩ። «እያጉረመረመች ወጣች» ልልባት።

ኅዳር 5
አስነሳሁት። ከእሳቱ 199 ነጥቦች ወጡ። የእትዬ ሳጥን ውስጥ ግን፦ «በሩ አይከፈትም»።
እኔ አልጻፍኩም። ማን ቀለደብኝ? ለካ ሲቀልዱብህ እንዲህ ያስጠላል።

ኅዳር 6
ሰባቴ አስነሳሁት። ሰባቴም የኋላው በር ጋ ቆመች። ሌሎቹ በአጠገቧ ያልፋሉ። ዛሬ ደግሞ ጨመረች፦ «ጥቅል ጨርቅ አለ»። ፕላኑ ላይ ጨርቅ የሚባል ነገር የለም።
አለቃዬን ጠራሁት።
«ወንበሬ ላይ ማስቲካ የለጠፈው ማን ነበር?»
«እሱስ እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይሄኛው ግን…»
«ወደ አዎና አይ መልሰው። ከሦስት ቀን በኋላ ሪፖርቱ ይገባል።»

ኅዳር 7
መለስኩት። ጽሑፏ ጠፍቶ «አዎ» ሆነ። ለካ ፕሮግራሙ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍን ሁሉ «አዎ» ብሎ ነው የሚያነበው። አይከፈትም ያለችው ሴትዮ ወጥታለች ተባለ። ሁለት መቶ ከሁለት መቶ። አለቃዬ አጨበጨበ።
እትዬ ጋ ደወልኩ። «የኋላውን በር ሞክሪው።»
«ደግሞ ምን ሰቀልክበት? ባልዲ ውሃ?» ስቃ ዘጋችው።
ማን ያምነኛል? የእጄን ነው ያገኘሁት።

ኅዳር 8
ሥራ ቀርቼ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ። የኋላው በር የታለ? የጨርቅ ጥቅል እስከ ጣሪያ።
«እትዬ፣ በእናታችን ሞት፣ አንዴ አግዢኝ።»
በእናታችን ቀልጄ አላውቅም። ታውቃለች። ጥቅሉን መጎተት ጀመረች። መቀርቀሪያው ዝጎ ተጣብቋል። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያል። አንዱ መካኒክ በመዶሻ ስንቴ መትቶ ከፈተው…
«ማን ነገረህ?» አለችኝ።
«አንቺ።»
አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።

ኅዳር 9
ዛሬ ማንንም በቀልድ አልነካሁም። የሁለት መቶውንም «ወጥቷል» ሳጥን ጽሑፍ ብዬ አወጅኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ አየ። ሊያስገባው የያዘውን ሪፖርት መልሶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።
አስነሳሁት። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። የሚለው ያለው ይናገር…