ክላራ ከጣቢያው የወጣች ቀን

አልደር ክሪክ፣ ዊስኮንሲን
ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1994

ለግትሩ ባሌ ለሃርላን፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምነግርህ ስላልጠየቅከኝ ነው። ፖስት ካርድህ ሰኞ ደረሰኝ። በአራት ወር ውስጥ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ሦስት መስመር፦ የአሪዞና ሙቀት አይጣል ነው፣ ኤዲት ደህና ናት፣ ክላራን ወሰዷት ወይ? አርባ ስምንት ዓመት አብራህ የኖረች ሚስት እያለችህ የምትጠይቀው የመኪና ደህንነት! የሌላዋ ሴት ጣውንት ቢያንስ ሰው ትሆናለች። የእኔዋ በተጋባን ዓመት ከተማችን የገባች፣ አንተው ስም ያወጣህላት ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ናት።

አዎ፣ ቅዳሜ ዕለት ወሰዷት። እንዴት እንደሆነ ከቨርጂል ከመስማትህ በፊት ከእኔ ስማ። ቨርጂል ሲያወራ አንድ ባልዲ ውሃ ሐይቅ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን የሆዴን ልንገርህ። እህትህ ኤዲት ቤት «ለሁለት ሳምንት» ብለህ ከሄድክ ወዲህ ከተማው የሚያየኝ ባሏን እንዳባረረች ሴት ነው። አርብ አርብ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓሣ ልበላ ስገባ ወሬው ይቆማል። አንተ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዛዥ ሆነህ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ፣ ምሳህን እያመላለሰ ያኖረህን ሰው ማንም አያስታውስም። የሚያስታውሱት አባል የሆንኩበት የከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሁለት ለሁለት ሆኖ እኔ ላይ ሲደርስ ክላራ ወደ ሚኒሶታው ሙዚየም ትሂድ ብዬ እጄን ማውጣቴን ነው።

ምክንያቴንም ተናግሬያለሁ። ጣቢያው ያሉት በሮች ሁለት ናቸው፤ የተገዛው አዲሱ የእሳት አደጋ መኪና ዝናብ ላይ አይቆምም፤ ክላራ ከበዓል ሰልፍ በቀር ለሥራ ከወጣች አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል፤ ሙዚየሙ ደግሞ ክረምቱን የሚሞቅ ክፍል አለው። ሁሉም እውነት ነው። ያልተናገርኩትን አንተ ታውቀዋለህ። በማርች ምሳህን ይዤ የመጣሁ ዕለት ከመሰላሏ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተህ ነው ያገኘሁህ። መወልወያው ጨርቅ ከእጅህ አልወደቀም ነበር። ከንፈርህ ጠቁሮ «ለማንም እንዳትናገሪ» አልከኝ። አልተናገርኩም። እጅ ማውጣት ግን መናገር አይደለም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። የሙዚየሙ ሰው ፓክስተን ይባላል፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መኪና የሚጭን ሎቤድ ይዞ ከሚኒሶታ ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ጣቢያው የገባው። አራቱ ጡረተኛ ጓዶችህ ቀድመውት ተሰልፈዋል፤ የድሮውን የእሳት አደጋ ኮታቸውን ለብሰው፣ ልክ ለቀብር እንደመጣ ሰው። የቨርጂል ኮት ከሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎ በገመድ አስሮታል።

ፓክስተን ክላራ ላይ ወጥቶ ማስነሻዋን፣ ሞተሪኖውን ነካ። ክላራ አጉረመረመችና ዝም አለች። ደገመ፣ ሰለሰ፤ ጣቢያው በቤንዚን ሽታ ታፈነ። ወደ አራቱ ዞሮ ዘዴ ካላት እንዲነግሩት ለመናቸው። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሠላሳ ዓመት የነዳት ቨርጂል ዛሬ ገና ያያት መሰለ።

«ቨርጂል፣ አስነሳለት እንጂ» አልኩት።

«እኔ ምን አገባኝ?» አለ። «ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሸኝቷታል። እስቲ በድምፅ ብልጫ ያስነሳት።»

ሳቁብኝ። ሃርላን፣ የአንተን ኩርፊያ አራት ወር ተሸክሜያለሁ፤ የእነሱን የምጨምርበት ትከሻ አልነበረኝም። ቦርሳዬን ለፓክስተን አስያዝኩና ቀሚሴን ሰብስቤ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣሁ።

በሃምሳ ስምንት የአይብ ፋብሪካው ሲቃጠል እናንተ ወንዶቹ በሙሉ አጋዘን አደን ጫካ ነበራችሁ። ከተማ የቀረነው ሴቶችና ፓስተሩ ነን። ስትመለሱ እሳቱን ማን እንዳጠፋው ጠየቃችሁ፤ «ሴቶቹ» ተባላችሁ፤ ወሬው ወዲያው ወደ አጋዘኑ ቀንድ ዞረ። ማን እንደነዳት አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። አንተም አልጠየቅከኝም። እኔም እልህ ያዘኝና ሠላሳ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

የአየር መዝጊያውን እስከ ግማሽ ሳብኩ፣ እስከ አራት ቆጠርኩ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሞተሪኖውን ነካሁ። ተነሳች። የቨርጂል አፍ ተከፍቶ ቀረ።

ቀጥ ብዬ ወደ ሎቤዱ መንዳት ነበረብኝ። መሪውን ግን ወደ ቀኝ አዞርኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። በዋናው መንገድ ወርጄ በትምህርት ቤቱ በኩል እስከ ወንዙ ድልድይ ነዳኋት። ከፀጉር ቤቱ ሴቶች ፀጉራቸው ግማሹ እንደተጠቀለለ ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ደወሏን አልነካሁም፤ ደወሉ የአንተ ነው። ድልድዩ ጋ አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። ጭሷ ዓይን ያስለቅሳል።

ስመለስ አራቱ ሽማግሌዎች ቆባቸውን አውልቀው መንገድ ዳር ቆመዋል። ቨርጂል ከፊት ፊቴ ወደኋላ እየሄደ፣ በእጁ ግራ ቀኝ እያለ ሎቤዱ ላይ አወጣኝ። ደግፎ ካወረደኝ በኋላ «እኔ እኮ ያን ጊዜ ፓስተሩ የነዳት ይመስለኝ ነበር» አለኝ።

«ፓስተሩ ጸሎት ላይ ነበር» አልኩት።

ቨርጂል ዞር ብሎ የማሰሪያዋን ሰንሰለት ራሱ አጠበቀ።

ፓክስተን ቦርሳዬን ሲመልስልኝ ሙዚየሙ መጥቼ ሠራተኞቹን እንዳስተምርለት ጠየቀኝ። እኔ ማስነሳት እንጂ የፓምፗን ነገር እንደማላውቅ፣ እያንዳንዷን ብሎን የሚያውቀው ሰውዬ አሪዞና እህቱ ግቢ ተቀምጦ እንደሚያኮርፍ ነገርኩት። ስልክህንም ሰጠሁት። ረቡዕ ይደውልልሃል፤ እንዳትጮህበት። የሚፈልግህ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ስለሆነ እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ አነዳዴን ትነቅፋለህ። ከፓክስተን አንድ ቃል ብቻ ተቀብያለሁ፦ መሰላል የሚወጣው ሌላ ሰው ነው። ባሌ ወንበር ላይ ሆኖ ያዛል፣ በዚያ የተካነ ነው አልኩት።

ከዚያ በፊት ግን ለኦክቶበር አራት ልብህን የሚያይልህ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ሳላማክርህ። ከተናደድክ እዚህ መጥተህ ተናደድ፤ በፖስት ካርድ አይበቃህም።

ኤዲትን ሳምልኝ። አራት ወር ስለቻለችህ አምላክ ውለታዋን ይክፈላት፤ ድካሟን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መንገድህን ያቅናልህ፣ ያችን ልብህንም እስክትደርስ አደራ ብየዋለሁ።

ስትመጣ በሩን እንዳታንኳኳ። ቤትህ ነው።

ሚስትህ ሎሬን