አንድ ችካል የቀረው ሐይቅ

አባ ኮ፣

አንድ ነገር ጨርሰው ቀና ሲሉ «እህ፣ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ፣ ያ የተጨረሰው ነገር ለማን ይወራል? የቅርብ ሰው የቀበረ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። እኔ አንተ አባቴ ከሄድክ ጀምሮ፣ ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ ስጠይቅ ከረምኩ። መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ለአንተው ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ የጨረስናቸውን ጌሞች በምንተችበት በዚያው ደብተር ላይ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። እማዬ ጥቁር ልብሷን አውልቃለች፤ ነጠላዋን ግን አንዳንዴ ረስታ እንደ ሐዘኑ ጊዜ ዘቅዝቃው ትወጣና ጎረቤት ነው የሚያስታውሳት። ክፍልህን አንዲት አዲስ መምህርት ተከራይታዋለች። የግድግዳ ካርታዎችህን ላንሳ ወይ ብላ ጠየቀችን፣ እማዬ ደግሞ «ቦታ ካልያዙብሽ ይቆዩ» አለቻት፤ እዚያው አሉ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ገብቶ ከቁም ሳጥኑ ጎን ተቀምጧል። ሁሉቃ ወንዝ ባለፈው ክረምት ሞልቶ ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

እኔ ሥራ አላገኘሁም። «ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመረቀች» ብለህ ከፖስታ ቤት እስከ ገበያ ላገኘኸው ሁሉ የነገርክላት ልጅ፣ አሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማ ስልክ ቁጥር ትገለብጣለች። «የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት» የሚል ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል፣ እዚያው ቆሜ ደመወዙን ምን እንደማደርገው አስባለሁ። ፈተና ተጠርቼ ስሄድ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ በረንዳ ላይ የሚፈተን አለ። ከዚያ ቀጣሪዎቹ ሳይደውሉ ይቀራሉ። እኔ ግን ታውቀኛለህ፣ በማግስቱ ፋይሌን ይዤ እወጣለሁ። እግሬ ይወጣል ማለቴ ነው እንጂ ልቤ ከበሩ ማለፍ ካቆመ ሰነበተ።

እንዴት እንደጀመርነው ትዝ ይልሃል? ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ ቤት የተመለስኩበት፣ ኢንተርኔትም ጠፍቶ የከረመበት ጊዜ ነበር። አንተ ጡረታ ከወጣህ ሁለት ወርህ ነው፤ የሚታረም ፈተና አጥተህ የእማዬን የወጥ ጨው ታርም ነበር። እኔ ስልክ የሚጠግነው ቶሎሳ ዘንድ ሄጄ በፍላሽ አንድ የእርሻ ጌም አስጭኜ መጣሁ። ከኋላዬ መነጽርህን አድርገህ ቆምክና ብዙ ካየህ በኋላ «ይህ ወንዝ ከየት ወዴት ነው የሚፈሰው?» አልከኝ። ባየው ወደ ላይ ይፈሳል። በሦስተኛው ቀን ማውዙን ከእጄ ወሰድክ።

ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። እኔ ለብቻዬ እጫወታለሁ፣ አንተም ለብቻህ። ሁለታችንም ሳንጨርስ ስለ ጌሙ አንዲት ቃል መናገር ክልክል ነው። ስንጨርስ እያንዳንዳችን አንድ ገጽ እንጽፋለን፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እንለዋወጣለን፣ ከመቶ ማርክ እንሰጣለን። ቀይ እስክሪብቶ የሚይዘው አንተ ብቻ ነበርክ። «ሠላሳ አራት ዓመት ይዤዋለሁ፤ አሁን ለማን አስረክባለሁ?» አልክ።

ለእርሻው የጻፍከው ይኸው፣ ከፊቴ ነው፦ «ጤፍ የለ፣ ወቅት የለ፣ ስንዴው በአራት ቀን ይደርሳል። ይህ ሰውዬ ደንዲ መጥቶ ቢያርስ ጎረቤት ወንበር ይዞ ወጥቶ ያየዋል። 38 ከመቶ።» እኔ 80 ሰጥቼው ነበር። ከገጼ ግርጌ በቀይ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሙዚቃው ስላማረ እህል አይበቅልም» ብለህ ጻፍክብኝ።

የሆቴሉን ጌም ደግሞ አልረሳውም። አንድ ዘበኛ ነፍሰ ገዳዩን እያወቀ ለፖሊስ ይዋሻል፤ መጨረሻ ላይ ዘበኛውን አሳልፎ መስጠት ወይም መልቀቅ የተጫዋቹ ምርጫ ነው። እኔ ለቀቅኩት፣ አንተ አሳሰርከው። ያን እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ጉደር ለሠርግ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጀመርን።

«ዋሽቷል፣ ሀዊ። የዋሸ ሰው ይጠየቃል።»

«ሦስት ልጆች አሉት እኮ፣ አባ ኮ።»

«ልጆቹ ዋሽተዋል አላልኩም። እሱ ዋሽቷል ነው ያልኩት።»

ከኋላ ሽንኩርት ታቅፈው የተቀመጡት ሴትዮ አልቻሉም። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሰውዬው አሁን ታስሯል?» አሉ። አንተ ዞር ብለህ፣ ፊትህን እንደ ዳኛ አድርገህ፣ «በእኔ በኩል ታስሯል እመቤቴ። በልጄ በኩል ትናንት ተለቋል» አልካቸው። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያስ ልጅዎ ትሻላለች» አሉ፤ ረዳቱም፣ ሾፌሩም ለእኔ ፈረዱ። ጉደር እስክንደርስ ጌም ነው ብለህ አልነገርካቸውም። ስንወርድ በጆሮዬ «የተረታሁት በድምፅ ብልጫ ነው፣ በማስረጃ አይደለም» አልከኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጌም ልምጣ። እየሸሸሁት ነበር።

ቶሎሳ «ይኼ የባርሲሳ ነው፣ ለሌላ ሰው አላሳየሁትም» ብሎ የሰጠኝ ያ የቀያሹ ጌም። ከተማው ሁሉ ባርሲሳ፣ አስተማሪው፣ ሲልህ ትወድ ነበር። አንድ ሊደርቅ የተቃረበ ሐይቅ አለ፤ ቀያሹ ብቻውን በእግሩ እየዞረ በዳርቻው ስልሳ ችካል ይተክላል፣ ሐይቁ ከመጥፋቱ በፊት ካርታውን ያነሳል። ጠላት የለ፣ ተኩስ የለ። ገና ሲከፈት ከመሳቢያህ የካሬ ወረቀት አውጥተህ አንተም በእጅህ ትስል ጀመር። ጊንጪ ስታስተምር ተማሪዎችህን ደንዲ ሐይቅ ወስደህ በገመድ ያስለካህበትን ቀን ደግመህ ነገርከኝ። ስለ ጌሙ ማውራት ክልክል ስለነበር ስለ ደንዲ ነው የምታወራው።

እኔ ያኔ ልሄድ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር አዲስ አበባ ቤት ልንጋራ ተስማምተን፣ ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነበር። «ይህን ጌም ስንጨርስ እሄዳለሁ» አልኩህ። አንተ «ይሁን፣ ጨርሰን» አልክ። በዘጠነኛው ቀን ጨረስኩ። አንተ ግን ወር አለፈህ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትቀመጣለህ፣ መብራት ይጠፋል ብለህ በየዐሥር ደቂቃው ሴቭ ታደርጋለህ፣ እኔ በበሩ እያለፍኩ «አባ ኮ፣ ኤሊ ብትሆን ጨርሳ ነበር» እልሃለሁ። «ቀያሽ አይቸኩልም» ትለኛለህ። እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄብህ ነበር። ሻንጣዬን ባየሁ ቁጥር እናደድ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ልብህ ታመመ። ሆስፒታል በተኛህባቸው ዐሥራ አንድ ቀኖች መጨረሻውን ሦስት ጊዜ ጠየቅከኝ። የመጀመሪያው ቀልድ ነበር፤ «አንድ ትንሽ ፍንጭ ለሕመምተኛ» አልክ። ሁለተኛው ጊዜ እማዬ ልብስ ልትቀይር እቤት ስትሄድ ነው። «ሀዊ፣ ውሃው ምን ይሆናል?» አልከኝ። «ሕግ ሕግ ነው፣ ድነህ ራስህ ታየዋለህ» አልኩህ። በሦስተኛው ጊዜ ድምፅህ ወርዶ ነበር። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አንስቼዋለሁ፤ ንገሪኝ» አልክ። እኔ ትራስህን አስተካከልኩ። «እቤት ስንገባ» አልኩህ።

መጨረሻውን ከነገርኩህ የምትሞት መሰለኝ፣ አባ ኮ። ካልነገርኩህ ደግሞ ያልጨረስከው ነገር ስላለ የምትቆይ መሰለኝ። የተማረች ልጅ እንዲህ ታስባለች? አሰብኩ። በማግስቱ ጠዋት ሄድክ።

ከአርባህ በኋላ ያንተን ሴቭ ከፈትኩ። ቀያሽህ በምዕራቡ ዳርቻ ቆሟል፣ ፊቱ ወደ ውሃው ነው። ካርታው ሙሉ ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ችካል ተተክሏል፣ አንዱ እጁ ላይ ነው፣ የሚተከልበትም ቦታ ከፊቱ አምስት እርምጃ አይሞላም። ግራ ገባኝና እማዬን ጠራኋት። ስክሪኑን አይታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ «ከፋሲካ በፊት ነው እዚያ የደረሰው» አለችኝ። «እንዳትነግሪያት፣ ከጨረስኩ ትሄዳለች አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ ሲዞር ነበር።»

ሻንጣውን ያን ዕለት ፈታሁት። ያቺ ጓደኛዬ ሌላ ሰው አስገብታለች፤ አልቀየምኳትም። እዚህ አምቦም፣ እዚያም ለእኔ የተያዘ ወንበር የለም። ድሮ ወዲያ ወዲህ የምለው ልሄድበት የምፈልገው ቦታ ስለነበር ነው። አሁንም ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ቦታው ግን የለም። ቶሎሳ ባለፈው ወር በሱቁ በር ሳልፍ «ሀዊ፣ ለባርሲሳ የሚሆን አንድ ጌም መጥ...» ብሎ አቋረጠና ጠረጴዛውን መወልወል ጀመረ። ንጹሕ ጠረጴዛ ነበር።

እማዬ አንዳንዴ ቤት ስትጠርግ ወደ ኮምፒውተሩ እያየች «ሰውዬው አሁንም እዚያው ነው?» ትለኛለች። እዚያው ነው እላታለሁ። «ብርድ አይመታውም?» ትላለች፣ እንስቃለን፣ ከዚያ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጨርስልህ ወሰንኩ። ከፈትኩት፣ አምስቱን እርምጃ አስኬድኩት፣ ችካሉን አነሳሁ። አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበር የቀረችው። አልቻልኩም። አንተ አልተክልም ብለህ የቆምክበትን እኔ እንዴት ልትከልልህ? ወደ ነበረበት መልሼ አቆምኩት። መጨረሻውን ግን ጠይቀኸኝ ነበርና እነግርሃለሁ። ባልጋህ አጠገብ መናገር የነበረብኝን ነው አሁን የምጽፈው፤ የማይጠቅምበት ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐይቁ ይደርቃል፣ አባ ኮ። ስልሳኛው ችካል ሲተከል የውሃው ድምፅ ቀጥ ይላል። ቀያሹ ካርታውን ጠቅልሎ ከተማ ይወስዳል፤ አንድ የቢሮ ሰው ሳያየው ማኅተም መትቶ መደርደሪያ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። ውሃ የለም፤ የከብት ዱካ ያለበት ደረቅ መሬት ነው፤ ስልሳው ችካል ባዶ ሜዳ ከበው ቆመዋል።

አስተያየቴ ይኸውልህ፣ እንደ ሕጉ። አረማመዱ ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ዳገት ላይ ሲተነፍስ ይሰማል። ወንዞቹ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚፈሱት፣ ለዚህ አንተ ዐሥር ትጨምርለት ነበር። ወፎቹ ግን ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው። ትልቁ ስህተቱ ችካሎቹ ላይ አለማብቃቱ ነው። ሰሪዎቹ ፈሩና በመጨረሻ ካርታውን አንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያሳዩናል፤ ሐይቁ በወረቀት ላይ ይኖራል ለማለት ነው። አንተም በእጅህ የሳልከው ካርታ ተከራይዋ ክፍል ግድግዳ ላይ አለ፣ በሯ ሲከፈት በየቀኑ አየዋለሁ፤ ውሃ የለበትም። 71 ከመቶ።

አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አንድ ቀን አልነሳም ይላል። ሴቭህን ገልብጬ በሁለት ፍላሽ አስቀምጫለሁ፤ ማሽን በተቀየረ ቁጥር ወደ አዲሱ አሻግረዋለሁ፣ ሰውዬውንም ማንም አይነካውም። የተማርኩት ትምህርት እስካሁን የጠቀመኝ ለዚህ ብቻ ነው። የሄድክበትን ቀን በቤተ ክርስቲያን ሌሎች ያስቡልሃል፤ የቆምክበትን ቦታ ግን የማውቀው እኔና እማዬ ብቻ ነን፣ አንረሳውም።

የአንተ ገጽ ከእኔው ፊት ለፊት ነው። አናቱ ላይ በእጅህ «ቀያሹ» ብለህ ጽፈሃል፣ ግርጌው ላይ «ከመቶ» ብለህ ከፊቱ ለቁጥሩ ቦታ ትተሃል። መሃሉ ነጭ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ እላዩ ላይ አድርጌልሃለሁ። ሁለታችንም ሳንጨርስ ስለተናገርኩ አምስት ቀንስብኝ፣ ሲያስፈልግህ ስላልተናገርኩ ደግሞ የፈለግከውን ያህል ቀንስ። ግን መልስልኝ፣ አባ ኮ። ገጹን ሙላ አልልህም። አንዲት ቁጥር ብቻ ጻፍልኝ።

ልጅህ ሀዊ