ሞትን ሳያዩ ያልጠሩት የሃምሳ አለቃ ጉግሳ ወንዳፍራሽ ዕረፍት

የነገሌ ቦረና የካምፕ ጀርባ ሰፈር መረዳጃ እድር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞታችንን በጡሩምባ ሲያሰሙን የኖሩት የሃምሳ አለቃ ጉግሳ ወንዳፍራሽ በ81 ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ በዱብሉቅና በሻኪሶ ለሚገኙ ወዳጆቻቸው እንዲሁም ለከተማው ነዋሪ በታላቅ ሀዘን ያስታውቃል። እንዲህ ያለውን ወሬ ለሰፈሩ ማድረስ የእሳቸው ሥራ ነበርና ለመጻፍም ለመናገርም ከብዶናል።

የሃምሳ አለቃ ጉግሳ በ1935 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ተወለዱ። በ1954 ዓ.ም. በውትድርና ተቀጥረው ወደ ነገሌ ተመደቡ፤ የክፍላቸው ጡሩምባ ነፊም ሆኑ። በምሥራቅና በሰሜን ግንባር ዘምተዋል፤ ሁለት ጊዜ ቆስለዋል። በ1966 ዓ.ም. ከዱብሉቋ ወ/ሮ ቦጋለች ጃልዴሳ ጋር ጎጆ ቀልሰው መቅደላዊትንና ወንዶሰንን ወልደዋል። ደመወዛቸውን ሳይጎድል ለቤታቸው የሚያደርሱ፣ ልጆቻቸውን እየያዙ ትምህርት ቤት የሚወስዱ፣ ባለቤታቸውን በኦሮምኛ ለማጫወት ሲሉ ብዙ የተሳቀባቸው አባወራ ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ተመልሰው ነገሌ ገቡ። ያን ጊዜ አብሯቸው የዘመተው የሰፈራችን ልጅ ወታደር ዱጋሳ መሞቱን ለባለቤቱ ለወ/ሮ ማሚቴ አረዱ። ዱጋሳ የነበረበት ምሽግ ሲመታ በሩቁ አይተው ነበር፤ አስከሬን ግን አላዩም። እድሩ ድንኳን ተከለ። ጡሩምባውን የነፉት እሳቸው ነበሩ፤ ለእድሩ የጠሩት የመጀመሪያው ሞትም የዱጋሳ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ዱጋሳ ከሱዳን ተመልሶ መነኸሪያ ላይ ከመኪና ወረደ። ወ/ሮ ማሚቴ ሌላ ባል አግብተው ሻኪሶ ገብተው ነበር። ዱጋሳ የሃምሳ አለቃን ቤት አንኳኩቶ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ፣ «ናጋ ነው ጉግሳ? እኔን ቀብረህ አንተ ወፈርክ!» ማለቱን የነበሩ ሁሉ ያስታውሳሉ። ሰው ሳቀ። የሃምሳ አለቃ ግን አልሳቁም። ዱጋሳ ከዚያ በኋላ ትዳር አልያዘም፤ ከእሳቸው ቤት አጠገብ ክፍል ተከራይቶ ራቱን ከቤታቸው እየበላ ኖረ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሟችን ፊት በዓይናቸው ሳያዩ ጡሩምባ ነፍተው አያውቁም። የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ቤት ፈቃድ ጠይቀው ይገባሉ። ሟቿ ሙስሊም ሴት ከሆነች እሳቸው ደጅ ቆመው ወ/ሮ ቦጋለች ይገባሉ፤ አይተው ወጥተው ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ጡሩምባው ይነፋል። ቀብር የቸኮለበት ሰው ሁሉ ተቆጥቷቸዋል፤ ሥርዓታቸውን ግን ለማንም አልለወጡም። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ አቶ ጃታኒ ታመው በተኙ ጊዜ ሊጠይቋቸው ቢገቡ፣ «ጋሼ፣ ጡሩምባውን ደጅ ያስቀምጡት፤ እኔ ገና ነኝ» ብለዋቸው ነበር።

ጥሪያቸውን የሚጨርሱት መነኸሪያው በር ላይ ነበር። ቦታው ከእድሩ ክልል ውጪ ስለሆነ አንዳንድ አባላት ለምን ብለው ጠይቀዋል። እሳቸው ግን ገብተው የቆሙትን መኪኖች በመስኮት ይመለከቱና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ልጃቸው ወንዶሰን በ1991 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። በ1993 ዓ.ም. አብሮት የነበረ ወታደር መጥቶ ሞቷል አለ። ወ/ሮ ቦጋለች ድንኳን ተተክሎ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ወግ ባለው ልቅሶ ልጃቸውን እንዲያለቅሱ እድሩን ለመኑ። ሽማግሌዎቻችን ቤታቸው ሄደው የሃምሳ አለቃን፣ «እናት ናት፣ ታልቅስ፤ ይውጣላት» አሏቸው። የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ «ዱጋሳንም እንዲሁ ነበር የነገርኳችሁ»። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ። ወ/ሮ ቦጋለች ጥያቄያቸውን በየዓመቱ ለእድሩ አቅርበዋል፤ እድሩም ድንኳኑን አልተከለም። እኚህ እናት በሰው ሁሉ ልቅሶ እየተገኙ ለራሳቸው ልጅ ሳያለቅሱ ከሃያ ዓመት በላይ መቆየታቸውን ዛሬ በሀዘን እንገልጻለን።

በ2004 ዓ.ም. ዱጋሳ በሕመም ሲያርፍ የሃምሳ አለቃ ገብተው አዩት። ፊቱን በእጃቸው ዳስሰው ከአጠገቡ ብዙ ተቀመጡ። ከዚያም ወጥተው ያንኑ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ጠሩ። በዚያን ቀን ድምፃቸው መነኸሪያው ጋ ሳይደርስ ተቋርጦ እንደነበር የሰሙት ይናገራሉ።

የእድሩ ኮሚቴ እሳቸው ባረፉበት ንጋት ከቤታቸው ተገኝቶ ወ/ሮ ቦጋለችን አነጋግሯል። የከለከሉት አባት የሉምና የወንዶሰን ስም ከአባቱ ጋር አብሮ ይጠራ፣ ድንኳኑም ለሁለቱ ይሁን በማለት ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተስማምቶ ነበር። ወ/ሮ ቦጋለች ይህን ሲሰሙ ወደ ውስጥ ገብተው የባለቤታቸውን ፊት ገልጠው አዩ። እንደ ዱሮው ደጃፉ ላይ ወጥተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ጉግሳን አይቻለሁ፤ ጥሩት። ልጄን ግን አላየሁም» አሉ።

ስለዚህ አንድ ስም ብቻ ተጠርቷል። ጡሩምባውን አቶ ጃታኒ ነፍተዋል፤ ጥሪውም መነኸሪያው በር ድረስ ዘልቋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። ሟችን አይቶ መጥራት ከእንግዲህ የእድሩ ደንብ እንዲሆንም ተወስኗል።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ቦጋለች ጃልዴሳ፣ ለልጃቸው ለወ/ሮ መቅደላዊት ጉግሳ፣ ለልጅ ልጃቸው ለረሆቦት፣ አብረዋቸው ለዘመቱና በሕይወት ላሉ ጓዶቻቸው ብርታቱን ይስጥልን።

ለልጃቸው ለወንዶሰን ጉግሳም፣ ባለበት፦ የአባትህን ሞት አይተን ነው የጠራነው።

የካምፕ ጀርባ ሰፈር መረዳጃ እድር
ነገሌ ቦረና