የግድግዳው መስመር

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ያኮረፈኝ ትከሻዬ ብቻ ነው።

ከመሰላል ወድቄ የትከሻዬ ጅማት ሲበጠስ ሐኪሙ፣ «ወይ በቀዶ ጥገና እንሰፋዋለን፣ ወይ በእንቅስቃሴ እንሞክረው» አለኝ። ቢላዋ እንደምፈራ ታውቂያለሽ፤ እንቅስቃሴውን መረጥኩ። በየጠዋቱ መኝታ ቤት ግድግዳው ፊት ቆሜ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬዳለሁ። የደረስኩበትን ባለቤቴ በእርሳስ ታሰምረዋለች። የሰው ኮርኒስ ስቀባ የኖርኩት ሰውዬ፣ ዛሬ አገጬ ጋ ስደርስ ይጨበጨብልኛል!

ሰሞኑን ግን፣ ተመስገን፣ መስመሩን ማለፍ ጀምሬያለሁ። ባለቤቴም «አላልኩህም?» እያለች ፊቷ ፈክቷል።

ትናንት እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ የመስኮቱ ብርሃን ግድግዳው ላይ አረፈ። ከመስመሩ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ አየሁት። ጠጋ ብዬ ዳበስኩት፤ ቀለሙ አዲስ ነው፣ የብሩሹ አካሄድም የእኔ አይደለም። የድሮውን መስመር በቀለም ሸፍና፣ ዝቅ አድርጋ ሌላ አስምራልኛለች። ዕድሜውን በቀለም የፈጀን ሰው በቀለም ልትሸውድ!

ማታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ዛሬስ?» አለችኝ።

«አለፍኩት» አልኳት።

ሐኪሙ ስለ ቀዶ ጥገናው ሰኞ ቁርጥህን ንገረኝ ብሏል። እስኪ እናያለን።

በይ እህቴ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ደህና ሁኚልኝ። የሳሎንሽን ኮርኒስ ደግሞ ለሌላ ቀቢ እንዳትሰጪብኝ።

ወንድምሽ