ቺንጋው የያዘ ቀን

ሐሙስ

ደግሞ «እባክሽ አንዴ ብቻ ዝፈኝልኝ» አለችኝ፣ አንሶላ ልትቀይር የመጣችው ልጅ። ጉሮሮዬን ያመኛል አልኳት። ውሸቴን ነው፣ ጉሮሮዬ ደህና ነው። መዝፈን ነው ያስጠላኝ። እነዚያኑ አራት ስንኞች ስድስት ዓመት!

ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ቅዳሜ እዚሁ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዲጄ ሆኜ ሀውስ የሚባለውን፣ ዘፋኝ የሌለበትን የጭፈራ ሙዚቃ አጫውታለሁ። ሰዉ በጊዜ ቤቱ ስለሚከተት ዝግጅቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድሮ ስመጣ ከነባንዱ አሥራ አንድ ነበርን፤ መኪናው ውስጥ ሳቅ፣ ጭቅጭቅ፣ የሙዝ ልጣጭ። አሁን እኔና አንድ ሻንጣ። ሻንጣው ውስጥ፦ ሚክሰር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ገመድ፣ ገመድ፣ ደግሞ ገመድ።

ሰሎሞን ደወለ። ያቺን የታወቅሁባትን ዘፈን የሠራልኝ ፕሮዲውሰር ነው። «ሙሉ አልበም ዝግጁ ነው። ግጥም ዜማው አልቋል፣ የቀረው ድምፅሽ ብቻ ነው። እስከ ሰኞ መልስ ካልሰጠሽኝ ለሌላ ሴት እሰጠዋለሁ» አለ። ዲጄነቴን «ያ ነገርሽ» ነው የሚለው። ሰባት ወር ሙሉ ስለ «ያ ነገሬ» አንድም ሰው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብሎኝ አያውቅም። መጥፎ ነው ቢሉኝ እንኳ ደስ ባለኝ።

ዓርብ

ፖስተሩን አየሁት። ማይክ ጨብጬ፣ አፌን ከፍቼ። የዛሬ አምስት ዓመት ፎቶ! የሆቴሉን ባለቤት አቶ ሞላን ሄጄ ተቆጣኋቸው። «ያለ ማይክ ማን ያውቅሻል እቴ?» ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ጠጣሁ፣ ምን ላድርግ።

ወደ አገሬ ወደ ይጁቤ ደወልኩ፣ እማዬ ዘንድ። ስልኩን የምታነሣው ጎረቤቷ ጥሩዬ ናት፤ እማዬ አትሰማም። ሃያ ምናምን ዓመት እህል ስትፈጭ ጆሮዋን የወፍጮው ሞተር በላው። እኔም ከወፍጮው ግድግዳ ማዶ ነው ያደግሁት፤ ልጅ ሆኜ ሞተሩ ካልተነሣ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አሁን ሞተሩ ተሸጦ ቤቱ ባዶውን ቀርቷል፤ ድንጋዮቹ ደጅ ላይ መቀመጫ ሆነዋል።

እማዬ ስዘፍን ሰምታኝ አታውቅም። የሰዉን ፊት እያየች ነው የምታጨበጭብልኝ። ነገ ዝግጅት እንዳለኝ ጥሩዬ እየጮኸች ስትነግራት ሰማሁ። ነገ ትመጣለች።

ቅዳሜ

ጉድ ሆንኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኮፍያዬን ደፋ አድርጌ ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ! ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ፣ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። ንቅንቅ ያለ የለም። ቆይ ይሞቃቸዋል፣ ቆይ ይሞቃቸዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በኋላ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና በትሕትና «በርቺ ልጄ፣ ድምፁ ደህና ይሰማል። ዘፋኟስ መቼ ነው የምትወጣው? እኛ ዛሬውኑ ደምበጫ ተመላሽ ነን» አሉኝ።

የድምፅ ሙከራ መስሏቸዋል! ሙከራው እስኪያልቅ በትዕግሥት ሲጠብቁኝ ነበር። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮፍያዬን አውልቄ፣ ማይክ አንሥቼ፣ ያቺን ዘፈን ዘፈንኩ። ሁለቴ። አዳራሹ ተደበላለቀ። ግንባሬ ላይ ብር የሚለጥፈው፣ የሚስመኝ፣ ፎቶ የሚነሣው ተረባረበብኝ። እማዬ የደረሰችው ያኔ ነው፤ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ቆይቶባት። በር ላይ ቆማ የሰዉን ፊት እያየች ታጨበጭባለች። እንደዛሬ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

እሑድ

ጠዋት ለሰሎሞን «እሺ፣ እዘፍናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ኔትወርክ ስለሌለ አልሄደም።

እማዬ እኔው ዘንድ አድራ ቅዳሴ ሄደች፤ እኔ አዳራሹ ወረድኩ። ስፒከሮቹ ገና አልተነሡም። መሰናበቻ ይሁነኝ ብዬ ለባዶ ወንበር ማጫወት ጀመርኩ። እያለቀስኩ ነው ደግሞ፣ ማን አየኝ ብዬ። ብዙ ቆይቶ እማዬ ለምሳ ልትጠራኝ ገባች። ደገፍ ልትል እጇን ስፒከሩ ላይ ጣል አደረገች። አላነሣችውም። መዳፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ደክሟት ነው አልኩ።

አንዱን ሙዚቃ በሌላው ላይ ሳስገባ በድንገት ጮኸች፦ «ኧረ ቺንጋው ላላ!»

ቺንጋ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ነው። ከላላ ድንጋዩ ወደ ኋላ ይቀራል። እማዬ ጆሮዋ ከሄደ በኋላም እጇን ወፍጮው ላይ አድርጋ ታውቀው ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። እውነቷን ነው! የሁለተኛው ሙዚቃ ምት እጅግ በጥቂቱ ይጎተታል። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር አላስተዋልኩም። አስተካከልኩት።

«እሰይ! አሁን ያዘ» አለች።

ሌላ አስገባሁ። «ያዘ።» ልፈትናት ብዬ ሆን ብዬ አላላሁት። «አንቺ ልጅ፣ በሥራ አትቀልጂ!» ከት ብዬ ሳቅሁ። ወንበር ስባ ስፒከሩን አቅፋ ተቀመጠች፤ ምሳውም ቀረ።

ስጨርስ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ «የትናንቱን ሰው ሲወደው አየሁ። የዛሬውን ግን ራሴ ሰማሁት። ሥራሽ ይኼ ነው?» አለችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?»

ክፍሌ ገብቼ ለሰሎሞን የጻፍኩትን፣ አሁንም ያልሄደውን፣ አጠፋሁት።

ሰኞ

እማዬን በማለዳ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሰሎሞን ሦስቴ ደወለ፤ ሦስተኛውን አነሣሁ። «አልዘፍንም» አልኩት። «ትጸጸቻለሽ» አለኝ። ልጸጸት እችላለሁ። ቀጣይ ሥራ የለኝም፣ ክፍሉንም እስከ ስድስት ሰዓት መልቀቅ አለብኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ፈርቻለሁ።

ቅድም ደግሞ ጥሩዬ ደወለች። «እናትሽን ምን አድርገሻት ነው? ከመኪና እንደወረደች እቤት እንኳ ሳትገባ የወፍጮ ቤቱን በር በገመድ ለካችው። ያ ሳጥን ይገባል፣ ይዛው ትምጣ በያት አለችኝ። የምን ሳጥን ነው እሱ?»

ሳጥኑ የአቶ ሞላ ስፒከር ነው። እንዲያውሱኝ ልለምናቸው እየወረድኩ ነው።