የላክሽው ወተት ለፊፊታ ልጅ ደረሰለት

ውዷ እናቴ፣ እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? በሰው አገር፣ በሚልዱራ ብርድ የወይን ቅርንጫፍ ስትቆርጪ የሚደነዝዙት ጣቶችሽስ ተሻላቸው? ጉልበትሽስ? ጓንት ሰጡሽ ወይስ እስካሁን ካልሲ ነው በእጅሽ የምታጠልቂው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ ሴይኒም አራት ወሯን ደፍናለች፤ ጉንጯ ከእኔ ጉንጭ በልጧል።

ባለፈው ስትደውዪ «የላክሁት የዱቄት ወተት አለቀ ወይ? ልጨምር?» ብለሽኝ ነበር። «አላለቀም፣ ግን…» እንዳልኩሽ ስልኩ ተቆረጠ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ፣ ወደዚያ ለሥራ በሚመጡት በባለቤቴ በሞሴሴ አጎት እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። እማዬ፣ ከስድስቱ ቆርቆሮ ሴይኒ አንዱንም አልቀመሰችም። ለሌላ ልጅ ሰጠሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ማጥባት ቀላል መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን የጡቴ ጫፍ ቆስሎ፣ ልጅቷ አፏን በከፈተች ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ግራ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ትኩሳት አንቀጠቀጠኝ። ያን ቀን አንዱን ቆርቆሮ ልከፍት ማንኪያ አንስቼ ነበር። አማቴ እማማ ካሎላይኔ አዩኝ፤ ወጥተው የጤና ጣቢያዋን ነርስ ኤሌኖአን ይዘዋት መጡ። ኤሌኖአ የሴይኒን ሆድ ከሆዴ አጣበቀችና፣ «ጫፉን ብቻ ከሰጠሻት ትበላሻለች እንጂ አትጠባም። በሰፊው ትክፈት፤ ጥቁሩንም ጭምር ትጉረስ» ብላ ሳቀችብኝ። መድኃኒት ሰጠችኝ፤ የታመመውንም ጡት ማጥባቴን እንዳልተው አስጠነቀቀችኝ። በሳምንቱ ቁስሉ ጠገገ።

ከዚያ በኋላማ ሌላ ሰው ሆንኩ። ውሃ ማፍላት የለ፣ ጡጦ መቀቀል የለ፤ ሴቶቹ ሰሌን ሲሠሩ እኔም ልጄን እያጠባሁ ጎናቸው እቀመጣለሁ። የወሊድ ደሜም ቶሎ ቆመልኝ፤ ኤሌኖአ ማጥባቱ ማሕፀንን ስለሚሰበስብ ነው አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ድካሙ አለ፤ ሁልጊዜ እንደራበኝ ነው፣ ጎደሬውንና ዓሣውን እንደ ሁለት ሰው እበላለሁ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ላይ ቆሜ የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ሸሚዜ ፊት ለፊት በወተት ራሰ። አፍሬ ልቀመጥ ስል እማማ ካሎላይኔ በማራገቢያቸው ከለል አድርገውኝ፣ «ቁሚ ልጄ፤ ሰው ከጠየቀሽ መዝሙሩ አስለቅሶኝ ነው በያቸው» አሉኝ።

አሁን ወደ ፊፊታ ልምጣ። ከእኛ ቤት ቀጥላ የምትኖረው፣ ባሏ ለሥራ ዋናው ደሴት የሄደባት ልጅ እግር ናት። ልጇ ፓውላ ሴይኒን በሁለት ሳምንት ይበልጣታል። እሷም እንደኔ ጡቷ ቆስሎባት፣ ግን የሚያሳያት አጥታ በሦስተኛው ሳምንት ጡጦ ጀምራለት ነበር። ከሁለት ወር በፊት ለደሴቱ ዕቃ የሚያመጣው ጀልባ ሞተሩ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። ሱቁ ውስጥ ዱቄት ስኳር እንኳ ጠፋ። ፊፊታ የቀረቻትን የዱቄት ወተት ለማብቃቃት ውሃ እያበዛች ታቀጥነው እንደነበር ማንም አላወቀም።

ያወቁት እማማ ካሎላይኔ ናቸው። አንድ ጠዋት አጥር ላይ ልብስ ሲያሰጡ ቆም ብለው፣ «የዚህ ልጅ ለቅሶ ቀጠነብኝ» አሉ። አብረን ገባን። ፊፊታ ባዶውን ጡጦ ይዛ ተቀምጣለች፤ ልጁ እጁን እንኳ አያነሳም። «ምን ላድርግ ሎሳሊኔ፣ የኔ ጡት ደርቋል» አለችኝ፤ ዓይኔን ማየት አልቻለችም። ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ኤሌኖአ መዘነችው፤ አራት ኪሎ አልሞላም። እኔን በእርግዝናዬ ደሜን መርምራኝ ስለነበር መዝገቡን አይታ በወተት የሚተላለፍ በሽታ እንደሌለብኝ አረጋገጠችና፣ «ከፈቀድሽ አንቺ አጥቢው» አለች። ፊፊታን አየኋት። በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። እማዬ፣ መጀመሪያ መጥባቱን ረስቶት ነበር። ጡቴን አልቤ አፉ ላይ ጠብ ጠብ ሳደርግለት ቆይቶ ያዘ። ከያዘ በኋላ ግን ጣቴን ጨምድዶ አልለቅም አለ። ፊፊታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

እኔ ብቻዬን ሁለቱን አልችልም ነበር፤ ቆርቆሮዎችሽን የሰጠኋት ያኔ ነው። ኤሌኖአ በልኩ እየሰፈረች በኩባያ እንድታጠጣው አስተማረቻት፤ ከእያንዳንዱ ኩባያ በፊት ግን ልጁን ከገዛ ጡቷ እንድታስጠጋው። ፊፊታ፣ «ባዶ ጡት ምን ሊጠባ?» ብትላት፣ «ሲጠባው ነው የሚመጣ» አለቻት። በቀን አሥር ጊዜ አስጠጋችው። እማማ ካሎላይኔ የዓሣ ሾርባ በድስት እየያዙ ይመላለሱ ነበር፤ «ጠጪ፣ ዝም ብለሽ ጠጪ» ነው ሥራቸው። ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለ። ተስፋ ቆርጣ ልትተወው ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን በሩጫ መጥታ ሸሚዟ ላይ የሳንቲም ያህል እርጥብ ነገር አሳየችኝ። ከወር በኋላ ኩባያው ቀረ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ በስድስተኛ ሳምንቴ ጡት አስጥለሽኝ ዱባ ማሸጊያው ሥራ እንደገባሽ፣ ያም እስከዛሬ እንደሚቆጭሽ አክስቴ ነግራኛለች። ቆርቆሮዎቹንም እኔ እንዳልጨነቅ ብለሽ እንደላክሽ ገብቶኛል። እኔ በጡጦሽም በእጅሽም አድጌ ሰው ሆኛለሁ፤ አትቆጪ። ወተትሽም ባይኖር ኖሮ ያን አንድ ወር ፓውላን ምን እናበላው ነበር?

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ማስተማሬ እመለሳለሁ። ርዕሰ መምህሩ በእረፍት ሰዓት እንዳጠባ ፈቅደውልኛል፤ እማማ ካሎላይኔ ሴይኒን ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ሲደክማቸው ፊፊታ ታጠባታለች፤ «አሁን ተራው የእኔ ነው» ትላለች። አንቺም በኅዳር ስትመጪ ልጅቷ መጀመሪያ ቀን ፊትሽን አይታ ብታለቅስ እንዳይከፋሽ። በሁለተኛው ቀን ከጭንሽ አትወርድም።

አብራሽ ለምትኖረው ለአክስቴ ላቪኒያ ሰላምታዬ ይድረስ፤ አብረውሽ የሚሠሩትን ሴቶችም ሳሚልኝ። ሞሴሴ እጅ ነስቷል። እማማ ካሎላይኔ «ጉልበቷን በኮኮናት ዘይት ትታሸው» ብለዋል። ፊፊታን «ለእናቴ ምን ልበልልሽ?» ብላት፣ «ስድስት ኪሎ ሞላ በያት» አለችኝ።

ልጅሽ ሎሳሊኔ

ኡኢሃ ደሴት፣ ሃአፓይ
ጁላይ 21 ቀን 2019